አራት ምት ዝምታ

ሰው ሁሉ የሚለኝን እኔው ልበለውና ልገላገል፤ ምላሴ ረጅም ነው። አባቴ "ይህች ልጅ ስትወለድ ቀድሞ የወጣው አፏ ነው" ይላል። እንግዲህ እኔ፣ ሳብሪን ኢስሃቅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ የዋልኩበትን ነገር ነው የምነግራችሁ። ወላሂ፣ ምን ያህል እንደከበደኝ ከወዲሁ እወቁልኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አባቴ የጎንደር ሰው ነው፣ ሰሊጥ ነጋዴ። ከታናሽ ወንድሜ ከዛኪርና ከጓደኛዬ ከፀደይ ጋር ባንድ አለን፤ ስሙ ሦስት ጆንያ ነው። እኔ ጊታር እየመታሁ እዘፍናለሁ፣ ዛኪር ድራም ይመታል፣ ፀደይ ቤዝ ትጫወታለች። የምንጫወተው ፖፕ ፓንክ ነው። አባቴ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ዜማው ጣፋጭ፣ ፍጥነቱ የራክሻ፣ ጩኸቱ የእኔ" አልኩት፤ ራክሻ እናንተ ባጃጅ የምትሉት ነው። "እንግዲያው አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ" አለኝ።

የመጀመሪያ አልበማችንን የቀዳነው በአባቴ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እስከ ጣራ የሰሊጥ ጆንያ የተደረደረበት ቤት ውስጥ ዘፍናችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ ተመልሶ አይረብሽም፣ ጆንያው ይውጠዋል። ይህን የነገረን ኢሀብ ነው። ኢሀብ ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ልጅ ነው፤ እዚያ ስቱዲዮ ነበረው፣ እዚህ ሞባይል ይጠግናል። ከስቱዲዮው ያተረፈው አንድ ማይክና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። መጋዘኑን ሲያይ ጆንያውን እየዳበሰ "ያ ሰላም! እንዲህ ያለ ክፍል ካርቱምም አልነበረኝ" አለ። ጫኝና አውራጁ ለጁምዓ ሲሄድ፣ ዛኪር ከሶላት እየሮጠ እየመጣ፣ በሦስት ዓርብ ስድስት ዘፈን ቀዳን። ሰሊጡ ተጭኖ ከሄደማ ክፍሉ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናልና ጥድፊያ ነበር።

አልበሙን ከሁላችን አብልጣ የፈለገችው ፀደይ ናት። ወንድሟ ባንታምላክ ከአራት ዓመት በፊት በበረሃ አድርጎ ወደ ሊቢያ ሄዷል። እናቷ "ደርሷል፣ ራቅ ያለ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፣ ኔትወርክ የለውም" ትላለች። ፀደይም ይህንኑ ትላለች። "ሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሊቢያም ይደርሳል" ትለኝ ነበር። "ዘፈናችንን ይሰማል፤ ቤዙን የምትመታው እኔ መሆኔን ይነግሩታል፤ ከዚያ ይደውላል።" እኔ ነገረኛዋ እንኳን በዚህ ላይ ቀልጄባት አላውቅም።

ጉዱን ያመጣው ስድስተኛው ዘፈን ነው።

የፀደይ እናት አሰጋሽ፣ እኔ ኻልቲ፣ አክስቴ የምላት፣ በእኛ መጋዘን ሰሊጥ ትነፋለች። ልጆቿን ይዛ ከአርማጭሆ ለአጨዳ መጥታ፣ በዚያው የቀረች ሴት ናት። ወንፊቷን እያወዛወዘች ሁልጊዜ አንድ ዜማ ታንጎራጉራለች፣ ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ።

"ና ተነሥ ከጥላው፣ ውሃ ይዤልሃለሁ፤
አንተ ካልጠጣኸው፣ እኔም አፈሰዋለሁ።"

በሁለቱ ስንኞች መካከል ታቆማለች። ወንፊቱ አየር ላይ ይቆያል፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ፣ ሁሌም እኩል። ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ምት ነው።

ለእኔ ምን መሰለኝ? ጥላ ሥር የተጋደመ ሰነፍ ባሏን የምትቆጣ ሴት! ደስ አለኛ! እኛ ከሰነፍ ወንድ ጋር ከመጣላት ሌላ ምን እንዘፍናለን? ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ አደረግሁት። ዛኪር ደግሞ "እዚያ የምታቆምበት ቦታ ላይ ሁላችንም ቀጥ እንበል፤ ድራም የለ፣ ጊታር የለ። አራት ምት ዝም፣ ከዚያ ዷ!" አለ። ስንሞክረው ፀጉሬ ቆመ። ኻልቲ አሰጋሽን "ዘፈንሽን ልውሰደው?" ብዬ ጠየቅኋት። ወንፊቷን አስቀምጣ ትንሽ አየችኝና "ውሰጅው፤ እስቲ ጮክ ብሎ የሚለው ሰው ያግኝ" አለችኝ። እኔም ሳላስብ እየዘለልኩ ሄድኩ።

ኢሀብ ስድስቱን ዘፈን በሚሞሪ እየጫነ ሰጠን፣ እኛም ለራክሻ ነጂዎች አደልን። ገዳሪፍ ውስጥ ራክሻ ከያዛችሁ ሬዲዮ ምን ያደርግላችኋል? በሳምንቱ ስድስተኛው ዘፈን ከእህል ገበያው እስከ መናኸሪያው ይጮህ ጀመር። ፀደይ አንድ ቦርሳ ሚሞሪ ይዛ ኒው ሀልፋ ሄደች፣ እዚያ ስኳር እርሻው ላይ ለሚሠሩት ያገራችን ሰዎች ልታድል።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት አሮጊት ፊታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ከራክሻ ሲወርዱ አየሁ። የእኛ ዘፈን ነበር የሚጮኸው። "ጥበብ ማለት ይኸ ነው፤ አስለቀስናቸው!" አልኩት ዛኪርን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

ረቡዕ ጠዋት አየነው መጣ። አየነው ባሱንዳ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ የሚከርም፣ በየዓመቱ አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት እኛ ዘንድ ጎራ የሚል ጎልማሳ ነው፤ የኻልቲ አሰጋሽ ያገር ልጅ። ሌላ ጊዜ ከበሩ ጀምሮ ይቀልድ ነበር። ያን ቀን ጋቢውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባና ቀጥ ብሎ ኻልቲ አሰጋሽ ፊት ቆመ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ አሰጋሽ። ሳልሰማ ቀርቼ ነው፣ ይቅር በይኝ። በመንገድ ሰማሁት።"

"ምኑን ነው የሰማኸው?" አልኩ ከጆንያው ላይ እየዘለልኩ። "የእኛን ዘፈን ነው? ወደድከው?"

አየነው እብድ እንደሚያይ ሰው አየኝ። "ዘፈን? አንች ልጅ፣ ይኸ እኮ ሙሾ ነው። ያገሬን ልቅሶ የማላውቅ መሰለሽ? እናት ለልጇ የምታወርደው ነው። ስሙን ብቻ ዘላችሁታል። ማን ሞቶ ነው?"

ልስቅ ነበር። አፌን ከፍቼ ወደ ኻልቲ አሰጋሽ ዞርኩ። ወንፊቱ ከእጇ ወድቆ ሰሊጡ መሬት ላይ ፈሷል፤ እሷ ግን አላነሣችውም።

"ባንታምላክ ነው" አለች።

የነገረችን እንዲህ ነው። እምባየ የሚባል አብሮት የተጓዘ ልጅ በዚያው ዓመት ተመልሶ ስደተኛ ካምፕ ሲገባ፣ አፈላልጎ አግኝቷት ነግሯታል። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሸ። ባንታምላክ ደክሞት የመኪናው ጥላ ሥር ተጋደመ። እምባየ ውሃ ፍለጋ ሄዶ ይዞ ሲመለስ ቢጠራው አልነሣ አለው። ይኸው ነው። እኔ በዚያ ላይ በሰፈሩ ፊት ዘልዬበታለሁ።

"አራት ዓመት!" አልኩ፤ ጮኼ ነበር፣ አልዋሽም። "ለፀደይ እንዴት አራት ዓመት አትነግሪያትም? ልጅቷ በየቀኑ ስልክ ትጠብቃለች እኮ!"

"አትጩኺብኝ፣ ልጀ" አለች ኻልቲ አሰጋሽ ቀስ ብላ። "መርዶ ለብቻ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ይኖራል። እኔ እዚህ ማን አለኝ? ጓዳ አስቀምጬ 'ወንድምሽ ሞቷል' ልበላት? እኔም ወድቄ እሷም ወድቃ ማን ያነሣናል? መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ አልኩ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ የምናውቀው ሰው ሁሉ ተበተነ። ከዚያ ወዲያማ ዛሬ ነገ ስል ሆዴ ይፍጀው ብየ ዋጥሁት። ስሙን እንዳልጠራ እዚያ ቦታ ላይ እያቆምኩ እንደምንም አለቀስሁለት።"

አራት ምት። እኛ ዷ! ለማለት የወደድነው ዝምታ የባንታምላክ ቦታ ነበር። ዛኪር ከበሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ጆንያው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ሸፈነ። እኔ ደግሞ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

ቶሎ የተረዳው አየነው ነው። "ልጅቱ የት ናት?" አለ። ኒው ሀልፋ ናት አልነው። "ዘፈኑን ይዛ?" አለ። አዎ። "በሉ እንግዲህ፣ ያገሬ ሰው እዚያም ሞልቷል። አንዱ እንደ እኔ 'እግዜር ያጥናሽ' ካላት አለቀ። በሰው አገር፣ በመንገድ ላይ፣ ብቻዋን ልትሰማው ነው።"

ወዲያው ፀደይ ጋ ደወልኩ። ገና "አሎ" ሳልል "ሳብሪን! እዚህም ወደዱት!" አለች። "አንድ ሽማግሌ አልቅሰው እጄን ሳሙኝ። ያገርሽ ሰው ነኝ አሉኝ። አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ሲሉ የተሳፈሩበት መኪና ሄደባቸው እንጂ። ዓርብ ስመጣ ሁሉንም እነግርሻለሁ።"

"ነገ ነይ" አልኳት።

"ምነው? ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

እንግዲህ ድምፄ ተለውጦ የማያስደነግጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስቆጣ። ተቆጣሁ። "ጭነት መኪናው ሊመጣ ነው፤ ቤዝሽ መጋዘኑ መሃል ተጋድሟል! እኔ ሎሌሽ ነኝ? ነገ መጥተሽ ካላነሣሽው ከሰሊጡ ጋር ፖርት ሱዳን ይውረድ!" አልኳት። እሷም ስቃ "ኸላስ፣ በቃ፣ መጣሁ፣ አንች ነገረኛ" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ስሳደብ ኖሬያለሁ፤ እያለቀስኩ ግን ስሳደብ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማታ አባቴ ሁላችንንም ሰብስቦ "አሰጋሽ፣ ዘመድ የለኝም አልሽ?" አላት። ተቀይሟል፣ ፊቱ ያስታውቃል። "አሥራ አራት ዓመት በዚህ መጋዘን ምን ሆነሽ ነው የኖርሽው? ዘመድ እኔ እሰበስባለሁ። አየነው ያጫጆቹን ይዞ ይመጣል። ዓርብ ጎህ ሲቀድ።" ኻልቲ አሰጋሽ "ሐጅ ኢስሃቅ..." ብላ ጀምራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሐሙስ መናኸሪያው ላይ ፀደይን ለመቀበል ገና ከረፋዱ ሄጄ ቆምኩ። ኢሀብና ዛኪር መንገዱን ይዘው ራክሻ ነጂዎችን "ለዛሬ ብቻ ዝጉልን" እያሉ ይለምናሉ። ፀደይ አቧራ ለብሳ ከአውቶቡሱ ወረደችና አቀፈችኝ። ስንሄድ "ከተማው ምነው ዝም አለ? ዘፈናችን የታለ? ሰለቻቸው እንዴ?" አለችኝ። "የሰው ጆሮም ይረፍ እንጂ" አልኳት። እስከ ቤቷ ድረስ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ስኳር እርሻው ልጆች፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ ወደ ሊቢያ ለሚሄድ ሰው ስለመስጠቷ አወራችልኝ። "የባንታምላክን ስም በወረቀት ጽፌ አብሬ ሰጠሁት" አለች። እሺ፣ እሺ አልኩ። ወንድሟ ሞቶ፣ እኔ እያወቅሁ፣ እሷ እየሳቀች፣ እሺ አልኩ። እንዲህ ያለውን ጠላቴም አይይ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ከአርባ ሰው በላይ ነበርን። ጫኝና አውራጆቹ፣ ሰሊጥ ነፊ ሴቶቹ፣ የአየነው አጫጆች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አባቴ ቆቡን አድርጎ፣ ኢሀብ ምን እንደሚባል ባያውቅም ከኋላ ቆሞ፣ ራክሻ ነጂዎቹ ሞተራቸውን አጥፍተው። አየነው አንኳኳ። የከፈተችው ፀደይ ናት፣ ከእንቅልፏ እንደተነሣች። ሰውን ሁሉ በተራ አየች። የእናቷ ልጅ ናት፤ ይህን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ለምን በር ላይ እንደሚቆም ሳታውቅ አልቀረችም።

"ልጀ" አላት አየነው፣ "እኛ አለንልሽ። ወንድምሽ ባንታምላክ ዐርፏል።"

አልጮኸችም። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። "ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"ከረቡዕ ጀምሮ።"

"ትናንት ስነግርሽ... ወረቀቱን ስነግርሽም ታውቂ ነበር?"

"አዎ" አልኩ። ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

ያኔ ወደቀች፣ ያኔም መሬት ሳትነካ ስምንት ክንድ ያዛት። ኻልቲ አሰጋሽ ከጓዳ ወጣች። ያን ዜማ ጀመረችው፤ በወንፊት ላይ እንደምታንጎራጉረው አልነበረም፣ በሙሉ ድምፅዋ ነበር፣ ሰፈሩ እስኪነቃ። "ና ተነሥ ከጥላው፣ ውሃ ይዤልሃለሁ..." እዚያ ቦታ ስትደርስ እኔና ዛኪር ተያየን። አላቆመችም።

"ባንታምላክ!" አለች።

ስሙ ልክ አራት ምት ሞላ። ሴቶቹ ተቀበሏት። አባቴ "ኢንና ሊላህ" እያለ ዓይኑን በእጁ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ፀደይ አላናገረችኝም። ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ሳቀርብ ትቀበለኛለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። አልፈረድኩባትም። ንዴቴን ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ኢሀብን "ዘፈኑን አጥፋው" አልኩት። "ከላፕቶፑ አጠፋለሁ፤ ከከተማው እንዴት ላጥፋ?" አለኝ። አንዱ ለሌላው ገልብጦታል፣ ሌላው ለሌላው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሚሞሪም ያው ነው። ራክሻ እያስቆምኩ መጣላት ጀመርኩ። አንዱ ነጂ፣ ከካርቱም የተፈናቀለ ሰው፣ አማርኛ አንዲት ቃል የማያውቅ፣ "ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ለምን አጠፋዋለሁ?" አለኝ። "እዚያ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ የእናቴን ስም እላለሁ።" ምን ብዬ ልጣላው? አለፍኩት።

ጭነት መኪናው መጥቶ ሰሊጡን ወሰደ። ከጥቂት ጆንያ በስተቀር መጋዘኑ ባዶ ቀረ፤ ሰው ሲያስል እንኳ ቆርቆሮው ይመልሳል። ከአርባው በኋላ ኻልቲ አሰጋሽ የቀረውን ልትነፋ ተመለሰች። ፀደይም አብራት መጣችና ወንፊት ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ጥግ ላይ የጊታሬን ክር እቀይር ነበር። ፀደይ ከዚያ ጎህ ጀምሮ የወንድሟን ስም እንዳልጠራች ኻልቲ አሰጋሽ ነግራኛለች። "እንደ እኔ ዋጠችው፤ የፈራሁት ይህን ነበር" ብላኛለች።

በዚህ መሃል ከሩቅ ራክሻ መጣ፣ ዘፈኑን ከፍቶ። ልነሣ አልኩ፣ ላስቆመው፣ ልጣላው። ኻልቲ አሰጋሽ እጇን አንሥታ ቁጭ በይ አለችኝ።

"ሰሞኑን በዚህ ባለፈ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ እጠራዋለሁ" አለች በሻከረ ድምፅ፣ ለእኔ ይሁን ለፀደይ አልገባኝም። "ሰው ሁሉ እየሰማኝ። ደስ ይለኛል፣ ምን ልደብቅ። አራት ዓመት አፌ ውስጥ ታስሮ ነበር።"

ራክሻው በሩ ላይ ደረሰ። የእኔ ድምፅ "ውሃ ይዤልሃለሁ!" ብሎ ጮኸ፣ የዛኪር ድራም መታ፣ የፀደይ ቤዝ ተንደረደረ፣ ሁሉም ቀጥ አለ።

ኻልቲ አሰጋሽ አፏን ከፈተች። ጮክ ልትል ስትል ድምፅዋ ተቆረጠባት፤ አርባ ቀን ያለቀሰችበት ነው። አንድ ምት። ሁለት። እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች።

"ባንታምላክ!" አለች ፀደይ።

ባዶው መጋዘን ስሙን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው። ዘፈኑ ቀጠለ፣ ራክሻው ወደ ገበያው ታጠፈ። ፀደይ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፣ ገና ያን ቀን እንደሰማች። እኔ ጊታሬን እንዳቀፍኩ ጥግ ላይ እንባዬን እጠርግ ነበር።

ቆይታ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል። "ሳብሪን" አለችኝ። ስሜን ከጠራችው አርባ ቀን ሆኖት ነበር።

"አቤት" አልኩ።

"እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንዳትጨምሪበት" አለችኝ። "ባዶውን ተይው፤ እኛ እንጠራበታለን።"

እሺ አልኩ። ወንፊቷን አነሣች፣ እኔም የቀረውን ክር መወጠር ጀመርኩ።